ለማስጠንቀቅ ያህል

አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃ በሚሠራበት ግቢ ሁሉ በሩ ላይ አንድ የማይቀር ሰው አለ። ሄልሜት ደፍቷል፣ ጓንት አጥልቋል፣ መነጽር አድርጓል፣ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ደርቧል፤ ቦት ጫማው ጉልበቱ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ፈገግ ብሎ አውራ ጣቱን ቀስሯል። ከአናቱ በላይ በትልልቁ «ሴፍቲ ፈርስት» ተብሎ ተጽፏል። በግቢው ውስጥ ትጥቁን አሟልቶ የተገኘ እሱ ብቻ ነው። እሱም ሥዕል ነው።

ከሥዕሉ ጀርባ የባሕር ዛፍ አጣና በምስማርና በሽቦ ተቀጣጥሎ አምስተኛ ፎቅ ደርሷል። በዚያ ላይ ነጠላ ጫማ ያደረጉ ልጆች ባሬላ ተሸክመው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ከኋላ ያለው ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ወትፎ እያወራ ነው። ይሄ ሥዕል አንዱ ግቢ ውስጥ ሲሰቀል ቆሜ አይቻለሁ። ሰቃዩ ልጅ ያለ ገመድ ወጥቶ፣ ምስማሩን በጥርሱ ነክሶ፣ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ይመታል። ፎርማኑ ከታች ሆኖ «ጠበቅ አድርገው! ኋላ እንዳይወድቅ!» እያለ ይጮሃል። ሥዕሉን ማለቱ ነው።

እንግዲህ ይሄ ጽሑፍ ለማን ተጻፈ? ባሬላውን የተሸከመው ልጅ ትናንት ከገጠር የገባ ነው፤ እንግሊዝኛ ይቅርና አማርኛውንም ቆሞ የሚያነብበት ጊዜ የለውም። ባለቤቱ ሥዕሉን ያሠራው አማካሪው መሐንዲስ ብቅ ሲል እንዲያየው፣ ተቆጣጣሪው ቅጹ ላይ «የማስጠንቀቂያ ምልክት» ከሚለው ፊት ለፊት ራይት እንዲያደርግ ነው። «ፈርስት» የተባለውም ከበሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ስለሆነ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ሰከንድ ነው።

በእንግሊዝኛ አደጋ ወግና ማዕረግ አለው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ኢንስቲትዩት ለዕቃና ለማሽን ምልክቶች ባወጣው ደረጃ ሦስት ቃላት ሦስት ቀለም ተከፋፍለዋል። ቀዩ «ዴንጀር» ነው፦ ካልተጠነቀቅህ ትሞታለህ ወይም ክፉኛ ትጎዳለህ። ብርቱካናማው «ዋርኒንግ» ነው፦ ልትሞት ወይም ክፉኛ ልትጎዳ ትችላለህ። ቢጫው «ኮሽን» ነው፦ ቢከፋ ቢከፋ ቀላል ወይም መካከለኛ ጉዳት ሊደርስብህ ይችላል። «ትሞታለህ» ለሚለውና «ልትሞት ትችላለህ» ለሚለው ለየብቻ ቀለም የሚገዛ ሰው ያስደንቀኛል። እኛ ዘንድ ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው፦ «እሱ ያውቃል።»

ቤት ውስጥ ግን እኛም ደረጃ አናጣም። ልጅ ጣቱን ቀስሮ ወደ ሶኬቱ ሲሄድ እናቱ መጀመሪያ «ተው» ትላለች፤ ቢጫ መሆኑ ነው። ቀጥላ «ተው ብያለሁ!» ትላለች፤ ብርቱካናማ ደረሰ። ሦስተኛውና የመጨረሻው «ቆይ አባትህ ይምጣ!» ነው። እዚህ ላይ ልጁ አደጋው ከሶኬቱ ተነሥቶ ወደ አባቱ ቀበቶ መዛወሩን ይረዳል። ኤሌክትሪክ ምን እንደሚያደርግ ሳይነገረው ያድጋል፤ አባቱ ምን እንደሚያደርግ ግን ጠንቅቆ ያውቃል። ይሄ ልጅ ሲያድግ በያጅ ይሆናል።

የሰፈራችን ብረታ ብረት ቤት ግራይንደር ላይ ሦስቱም ቀለማት ተለጥፈዋል። ሁለቱ በዘይት ጠቁረዋል፤ በሦስተኛው ላይ የአንድ ደንበኛ ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። የብየዳ ማስኩ ምስማር ላይ ተሰቅሎ አቧራ ጠጥቷል፤ ባለሙያው የሚሠራው ከመንገድ ዳር በገዛው የፀሐይ መነጽር ነው። ያም ሆኖ ማስጠንቀቅ አያውቅም አይባልም። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ቆመው ፍንጣሪውን ሲያዩ ሥራውን አቁሞ «ሂዱ ወዲያ! ዓይናችሁ ይጠፋል!» ብሎ ያባርራቸዋል። ማታ እሱ ራሱ ዓይኑ ሲቆጠቁጠው ድንች ቆርጦ ይለጥፍበትና ይተኛል። ማስጠንቀቂያ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ነገር ነው ብሎ የሚያምን እሱ ብቻ አይደለም፤ በድንቹም የሚያምኑ ብዙ ናቸው።

መድኃኒት ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍማ የራሱ ጣጣ አለው። ጎረቤቴ ለሆኑት እማማ የሳል ሽሮፕ ታዘዘላቸው። ፋርማሲስቷ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ማንኪያ ብላ ነግራቸዋለች። እማማ ግን ይሄን ያህል ፊደል ያለ ምክንያት ጠርሙስ ላይ አይደረደርም ብለው ሦስተኛ ክፍል ያለውን የልጅ ልጃቸውን ጠሩት። እንግሊዝኛ እንዲያውቅ በየወሩ ስንትና ስንት የሚከፈልለት ልጅ ነው።

«ና እስቲ የኔ ጌታ፣ ይቺ ምን ትላለች?»

ልጁ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ክፍል ውስጥ በሚያነብበት ድምፅ «ሼክ ዌል ቢፎር ዩዝ» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«ከመጠጣትሽ በፊት በደንብ ተንቀጥቀጪ።»

«እሱንስ መች አጣሁት» አሉ እማማ፣ «ቀጥል እስቲ።»

«ኪፕ አውት ኦፍ ሪች ኦፍ ቺልድረን።»

«እሱስ?»

«ልጅ እንዳይነካው።»

«ታዲያ አንተ ምን ልትሠራ ያዝከው! አምጣ ወዲህ!»

ጠርሙሱ ከልጁ እጅ ተነጥቆ ቡፌው አናት ላይ ወጣ። መመሪያው በትክክል ተፈጸመ። ማታ ግን እማማ ወገባቸው አልዘረጋ ብሎ ቡፌው አናት አልደረሱም። ልጁ ወንበር ጎትቶ፣ ወንበሩ ላይ ዱካ ደርቦ፣ ወጥቶ አወረደላቸው። በዚያ ቤት ጽሑፉን ማንበብም ሆነ ጠርሙሱ ጋ መድረስ የሚችለው ጽሑፉ የሚከለክለው ሰው ብቻ ሆኖ ቀረ። እንጆሪ እንጆሪ የሚለውን ጣዕሙንም ከእማማ ይልቅ የወደደው እሱ ነው።

ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ በረኪናው አለ። በረኪና በገዛ ጠርሙሱ መኖር ከተወ ቆየ፤ በችርቻሮ ሲገዛ የሚቀዳው በሃይላንድ ነው። የሃይላንዱ ጽሑፍ ስለ ንጹሕ የምንጭ ውኃ ያወራል፤ ተራራም ተሥሎበታል። ላምባው በአምቦ ውኃ ጠርሙስ ከጎኑ ቆሟል። እዚህ ላይ እንግሊዝኛም አማርኛም አያዋጣም። ያለው አስተማማኝ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ የባለቤቲቱ አፍንጫ ነው። እንግዳ ሆናችሁ ሄዳችሁ፣ ውኃ ስትጠይቁ አንድ ጊዜ አሽትታ የምታቀርብ ሴት ካጋጠመቻችሁ አትቀየሟት፤ የምታደርገው ነገር ከየትኛውም ተለጣፊ ወረቀት ይበልጣል።

ያ የሦስት ቀለም ደረጃ የተወለደበት አገር የራሱ ታሪክ አለው። በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ አልበከርኪ ከተማ ውስጥ ስቴላ ሊቤክ የተባሉ የ79 ዓመት አዛውንት ከማክዶናልድስ ቡና ገዙ። የልጅ ልጃቸው መኪናውን አቆመላቸው፤ እሳቸውም ስኳርና ክሬም ሊጨምሩ ኩባያውን ጉልበታቸው መሃል ይዘው ክዳኑን ሲከፍቱ ቡናው ተገለበጠባቸው። ክፉኛ ተቃጠሉ፤ ሆስፒታል ተኝተው ቆዳ ከሌላ ገላቸው እየተወሰደ ተተከለላቸው። የሕክምናና የመሳሰለውን ወጪ እንዲሸፍንላቸው 20,000 ዶላር ያህል ቢጠይቁ ኩባንያው 800 ዶላር እሰጣለሁ አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1994 እ.ኤ.አ. ጁሪው ከካሣው ሌላ የ2.7 ሚሊዮን ዶላር መቀጮ በየነ፤ ዳኛው በኋላ ብዙውን ቀነሱት። በችሎቱ ላይ ቡናው የሚቀርበው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት መሆኑ፣ ከእሳቸው በፊትም ተቃጠልን ብለው ያመለከቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መኖራቸው ታወቀ።

ከሁሉም የሚገርመው ኩባያው ላይ ማስጠንቀቂያ የነበረበት መሆኑ ነው። ጁሪው አይቶት፣ ይሄ ለመታየት የሚበቃ ማስጠንቀቂያ አይደለም አለ። ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ «ቡና እንደሚያቃጥል አታውቅም እንዴ?» እያለ በሴትዮዋ ሳቀ። ያ ሁሉ የሳቀ ሰው ቃጠሎውን በዓይኑ አላየውም።

ያ የሦስት ቀለም ደረጃ በእኛ ቡና ላይ ቢተገበር ቄጤማው ከምልክቱ ብዛት አይታይም ነበር። ፍሙ ወለል ላይ ነው፤ ቀይ። ጀበናው ፍሙ ላይ ነው፤ ቀይ። ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል፤ ብርቱካናማ። ሲኒው እስከ አፉ ጢም ብሎ ተሞልቷል፤ ካልሞላ ሰው ይቀየማል። ይሄን ሲኒ ለእንግዳው እንዲያደርስ የሚመረጠው ደግሞ በቤቱ ካሉት ሁሉ ታናሹ ልጅ ነው። ልጁ ምላሱን አውጥቶ፣ ዓይኑን ሲኒው ላይ ተክሎ፣ እየተንፏቀቀ ሲሄድ ቤተሰቡ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ «ቀስ! ቀስ! ቀስ!» እያለ ይሸኘዋል። ማስጠንቀቂያው ከልጁ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ አንድ ጠብታ ሲፈስ «እኔን!» የሚል አለ፤ ሲኒው ሲሰበር ደግሞ «ክፉውን ይዞት ይሂድ» የሚል።

እንግዲህ ልዩነቱ ይሄ ነው። በዚያ አገር ከጽሑፉ ኋላ ተጎጂ፣ ከተጎጂው ኋላ ጠበቃ፣ ከጠበቃው ኋላ ዳኛ ቆሟል። የዕቃው ባለቤት «ትኩስ ነው» ብሎ የሚጽፈው ወዶ አይደለም፤ ነገ «አልነገርከኝም» ሲባል «ነግሬህ ነበር» ለማለት ነው። ማስጠንቀቂያው በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠብቀው የጻፈውን ሰው ነው፤ የጻፈውም ሰው ፈርቶ ስለሚጽፍ ሌላውም አብሮ ይጠበቃል። ወደ እኛ ሲሻገር ግን ጽሑፉ ብቻውን መጣ። ጠበቃውም ዳኛውም ቪዛ አላገኙም። ስለዚህ እኛ ጋ «ሴፍቲ ፈርስት» የተባለው ሰሌዳ የጻፈውን ከምንም አያስፈራው፣ ያነበበውን ከምንም አያድነው፣ እንዲሁ ግድግዳ ይዞ ይኖራል።

የራሳችን የሆነውስ ማስጠንቀቂያ? እሱንም እንየው። ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይተከላል። ማን እንደሚተክለው በትክክል አይታወቅም፤ እንደምገምተው ግን መጀመሪያ የወደቀው ሰው ነው። ቅርንጫፉ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ቢሆንም ከዩኒቨርሲቲ መምህሩ እስከ በግ ነጂው የማያነበው የለም። ሲደርቅ አንዷ ለማገዶ ትወስደዋለች፤ በነጋታው ሌላ ይተከላል። ክረምት ላይ ቅርንጫፉ ጸድቆ ያቆጠቆጠበት ጉድጓድ ካያችሁ፣ ጉዳዩ በሚመለከተው ክፍል እየታየ ነው ማለት ነው።

ከከተማ ወጣ ሲባል ደግሞ የተበላሸ የጭነት መኪና ከኋላው ቅጠልና ድንጋይ ይደረድራል። ይሄም ግልጽ ነው፤ ከሩቅ ያየ ሹፌር ሁሉ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ችግሩ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው መቅረቱ ነው። ቀን ሰው ያዳነው ድንጋይ ማታ ጎማ ሲፈነዳ ያድራል። ጎማው የፈነዳበት ሹፌር ወርዶ፣ ተራግሞ፣ ከመንገድ ዳር ሌላ ድንጋይ ለቅሞ ከኋላው ይደረድራል። ጎማውን ቀይሮ ሲሄድ የእሱም ድንጋይ ይቀራል። በአንዳንድ መንገዶቻችን ላይ ያለው ድንጋይ በዚህ ዓይነት ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ነው።

ስም ማውጣት ላይ ግን የሚያክለን የለም። እህል ጭኖ የሚበረው አይሱዙ «አልቃይዳ» ተብሏል፤ አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሰው ቀይ ሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» ተብሏል። ይሄን ማንም ኢንስቲትዩት አላጠናውም፣ ቀለም አልተመረጠለትም። አስፋልት ዳር የቆመች እናት ግን «ልጄን፣ አልቃይዳ መጣ!» ስትሰማ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ትመለሳለች። «ዴንጀር» ተብሎ ቢጻፍበት ኖሮ የመኪናው ስም መስሏት ታሳልፈው ነበር።

በአውራ ጎዳናዎቻችን ላይ እንከን የማይወጣለት የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓትም አለን። ከፊት ለፊት የሚመጣው ሹፌር መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርግላችኋል። የማታውቁት ሰው ነው፤ አትተዋወቁም፣ አይከፈለውም፣ ግን ያስባል። ከፊታችሁ ገደል ስላለ ወይም ከብት መንገድ ስለዘጋ ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ትራፊክ ፖሊስ ስላለ ነው።

የሚኒባስ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይሄን በደንብ ያውቀዋል። ሹፌሩ የመብራቱን ምልክት ሲያይ ወደ ጎን ሳይዞር ያናግራችኋል።

«ወንድሜ፣ ቀበቶዋን ጣል አድርጋት።»

«መቆለፊያዋ የታለ?»

«የላትም። እንዲሁ ያዛት።»

ትልቁ ሰውዬ ቀበቶዋን እንደ ካህን መስቀል በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ቀጥ ብሎ፣ ትራፊኩን አሻግሮ እያየ ያልፋል። ትራፊኩም ያያል። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ ሹፌሩ «በቃ፣ ልቀቃት» ይላል። አደጋው አለፈ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እንግሊዝኛውን አጥርተው የሚያውቁትስ ይድናሉ ወይ የሚል ይኖራል። ሁልጊዜ አይድኑም። ማርች 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. በስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት፣ ጭጋግ በሸፈነው ማኮብኮቢያ ላይ ሁለት ጃምቦ ጄቶች ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። ከምክንያቶቹ አንዱ የሬዲዮ ንግግር ነበር። ከሁለቱ አንዱ ከነበረው የሆላንድ አውሮፕላን «አሁን ቴክኦፍ ላይ ነን» የሚል መልእክት መጣ፤ ተቆጣጣሪው ቆመው ፈቃድ የሚጠብቁ መስሎት «ኦኬ» አለ። አውሮፕላኑ ግን መንደርደር ጀምሮ ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከኮሎምቢያ ወደ ኒውዮርክ የሚበር አውሮፕላን ሰማይ ላይ ብዙ እንዲጠብቅ ተደረገ። አብራሪዎቹ ነዳጅ እያለቀብን ነው አሉ፣ ቅድሚያ ይሰጠን አሉ፤ «ኢመርጀንሲ» የምትለዋን አንዲት ቃል ግን አላወጡም። ነዳጁ አልቆ ወደቀ፤ ከ158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ።

ይሄን የሁለተኛውን ነገር እኛ በደንብ እናውቀዋለን። ሌሊቱን ሙሉ ደረቱን ሲወጋው ያደረ ሰው በሰው ተደግፎ ሐኪም ፊት ይቀርባል። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛ ሲጠየቅ «ትንሽ ወጋ ወጋ ያደርገኛል» ይላል። ሐኪም ፊት ቆሞ «እየሞትኩ ነው» ማለት ነውር ነው፤ የሐኪሙን ሙያ መጋፋት ይሆናል። ደግነቱ አብራ የመጣችው ሚስቱ ጨዋነት አልፈጠረባትም፤ «ኧረ ውሸቱን ነው ዶክተር፣ ሌሊት ነፍሱ ልትወጣ ነበር!» ትላለች። ስንቱን ሰው ያተረፈችው እሷ ናት።

በአቪዬሽኑ ዓለም ግን ሰው ከሞተ በኋላ ቃሉም ይመረመራል። ከቴነሪፍ ወዲህ «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል የመነሣት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር በሬዲዮ እንዳይነሣ ተደረገ። አንድ ቃል 583 ሰው አስከፍሎ ቦታው ተወሰነለት። የቃሉ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚናገረው፣ ማን እንደሚመልሰው፣ ካጠፋም ማን እንደሚጠየቅ ታወቀ። በሌላው ሥራ ሁሉ የጎደለን ይሄኛው ነው።

ተሳፋሪው ግን የትም ተሳፋሪ ነው። አውሮፕላኑ ቦሌ ሲያርፍ እልልታው ይቀልጣል፤ ጎማው ገና እየተንከባለለ ግማሹ ሰው ተነሥቶ ከላይ ሻንጣውን ያወርዳል። አስተናጋጇ በአማርኛ ትለምናለች፣ በእንግሊዝኛ ትለምናለች። የሚሰማት የለም። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ከመሃል ተነሥተው «ኧረ ልጆች፣ ተቀመጡ ተብሏል እኮ!» ሲሉ ሁሉም ይቀመጣል። ቆመው የቀሩት አዛውንቱ ብቻ ናቸው።

ከአደጋው ቃል ጋር የመረጋጋቱም ቃል አብሮ ገብቷል። የከተማ ሰው ስትረስ አለበት፣ ቴንሽን ይይዘዋል፣ ፓኒክ ያደርጋል፤ ጓደኛው ደግሞ «ሪላክስ በል» ይለዋል። ሪላክስ በል ተብሎ ሪላክስ ያለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ይብስበታል እንጂ። በዚህ የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ ቀድሞ ተፈትኖበታል። በ1939 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ሲል፣ ተረጋጉና ሥራችሁን ቀጥሉ የሚለውን «ኪፕ ካልም ኤንድ ካሪ ኦን» የተባለ ፖስተር ወደ 2.5 ሚሊዮን በሚጠጋ ቅጂ አሳተመ። ለክፉ ቀን ተብሎ መጋዘን ገባ፤ ቦምቡ ሲዘንብ እንኳ አልተለጠፈም ማለት ይቻላል፤ አብዛኛው ተፈጭቶ መልሶ ወረቀት ሆነ። በ2000 እ.ኤ.አ. በሰሜን እንግሊዝ፣ አኒክ ከተማ ያለ አንድ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር ባለቤቶች ቅጂውን ካርቶን ውስጥ አገኙት፤ ከዚያ በኋላ በኩባያውም በካናቴራውም ላይ ታተመ። ለጦርነት ያልሆነው ለንግድ ሆነ።

ከዚያ ካናቴራ አንዱ በሰልባጅ መርካቶ ደርሷል። የለበሰው ልጅ አናቱ ላይ ከእሱ ቁመት የሚበልጥ ፍራሽ ተሸክሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ሲሮጥ አየሁት። ደረቱ ተረጋጉ ይላል፤ አፉ «ዞር በል! ዞር በል! ዞር በል!» ይላል። ሰዉ በሙሉ የሰማው አፉን ነው። ደረቱን ለማንበብ የቆመ ቢኖር ፍራሹ ሥር ይገኝ ነበር።

የእኛው «አይዞህ» ጥሩ ነው፤ ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ እጃችሁን ይዞ ነው የሚላችሁ። እህቱ «ምንም አይልህም» ግን አደገኛ ናት። ሁለት ሽቦ በክብሪት እንጨት ሶኬት ውስጥ ከሚወትፈው ልጅ ጀምሮ፣ ፍሬኑ የላላ መኪና ይዞ እንጦጦን እስከሚወርደው ሹፌር ድረስ በዚያች ነው የሚጽናኑት። ቀይ፣ ብርቱካናማና ቢጫ ተደርድረው የሠሩትን ሥራ «ምንም አይልህም» በአንድ ትንፋሽ ታፈርሰዋለች። ክፋቱ አብዛኛውን ጊዜ እውነት መሆኗ ነው፤ ምንም አይለውም፣ ምንም አይለውም፣ ምንም አይለውም፤ አንድ ቀን ይለዋል።

አንድ ባንክ ውስጥ ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ወልውላ ስታበቃ ቢጫውን ምልክት አቆመች፤ ሰውየው እግሩን አንሥቶ ሲወድቅ የሚታይበትን። «ኮሽን» ይላል። የገባው ሰው ሁሉ በጎኑ አለፈ፤ አንዱ ጃንጥላውን አስደገፈበት። አንዲት ነጠላ የተከናነቡ እናት በሩ ላይ ብቅ ሲሉ ግን ልጅቷ መወልወያዋን ጥላ «እማማ ይንሸራተታል! ቆይ መጣሁ!» ብላ ሮጠች። ክንዳቸውን ይዛ መስኮቱ ድረስ አደረሰቻቸው፣ ሲጨርሱም መልሳ ሸኘቻቸው። ደግ ልጅ ናት፤ ነገር ግን ደግነት ብቻ አልነበረም። እማማ ቢወድቁ «ማነው የወለወለው?» ተብሎ የሚጠራው የእሷ ስም ነው። ምልክቱን ገዝቶ ያመጣውን ሰው ማንም አይጠራውም።

ስለዚህ ለሚመለከተው ክፍል አንድ ቀላል ሐሳብ አለኝ፤ አስመጪ አያስፈልገው፣ ዶላር አያስወጣ። ከእንግዲህ ማንኛውም የማስጠንቀቂያ ምልክት፣ በእንግሊዝኛም ይጻፍ በአማርኛ፣ በሥሩ ያስለጠፈው ሰው ሙሉ ስም ከነአባቱና ከነስልክ ቁጥሩ ይጻፍበት። ጉድጓዱም፣ ሕንፃውም፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑም፣ ሁሉም ባለቤት ይኑረው። የወደቀ ሰው ሲነሣ የሚደውልበት ይወቅ። ሥራ ላይ በዋለ ማግሥት ግማሹ ምልክት በአንድ ሌሊት ይነቀላል። ግማሹ ጉድጓድ ግን በአንድ ሌሊት ይከደናል።